ደም መጣጩ በሁዳዴ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ቤዛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ተከታታይ ፊልም ይዛ መቀመጫ አሳጣችኝ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ቤተሰብ በሙሉ ደም መጣጭ ነው። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እጠይቃለሁ። "ይቺ ልጅ ምን አጥታ ነው ከነዚህ ቤት የምታገባው? ለመሆኑ ያን ሁሉ ሻማ ማን ይገዛል?"

"አያቴ፣ በናትሽ ዝም ብለሽ እዪ!"

ዝም ማለት እንዴት ይሆንልኛል? እኔም እኮ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ደም መጣጭ ፈጥሬ ነበር። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ተከታታይ ድራማ እጽፍ ነበር፤ የደም መጣጩ ሙሽሪት ሆኜ የምጫወተውም እኔው። ደም መጣጩን የሚጫወተው ጌታሁን የሚባል፣ አምበር ከምትባል የቅርብ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር። ከዚያ ድራማ ውጪ ሕይወት ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ግን አልወደደውም። "አንድ ቀን መጥቼ አያለሁ፤ ነውር ካየሁ አበቃ" ብሎኛል።

የመጣው በሁዳዴ ነው፤ ያውም አንገቴን በምነከስበት ቅዳሜ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ አዳራሹ የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ተቀምጧል። ጌታሁን ጎንበስ አለ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሲደርስ አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ እኔ ያልጻፍኩትን ተናገረ።

"ይቅር። ጾም ነው። እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ።"

አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ደም በፍስክም እንደማይበላ ያስታወሰ አንድ ሰው አልነበረም። አንዲት እናት "እሰይ፣ የኔ ልጅ!" አሉ። ስንት ሳምንት ክፉ ነው እያልኩ ስጽፈው ማንም አላመነኝም ነበር፤ እየራበው ሲታገሥ ግን ሰው ሆነ። አባቴም ወደ ቤት ስንመለስ "ሥርዓት ያለው ሰውዬ ነው" አለ። ልበር ምንም አልቀረኝ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ለመውጣት ስሰናዳ፣ አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

"ወዴት ነው?"

"ድራማ አለን፣ አባባ።"

"አይሆንም። ጾሙ ተፈታ እኮ! አሁን ያን ሰውዬ ምን ይይዘዋል?"

"ኧረ አባባ፣ ጨዋታ ነው! ጌታሁን እኮ ነው!"

"ጌታሁንማ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ የምፈራው ያንን ሰውዬ ነው" አለና በሩን ዘጋ። ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ንቅንቅ አላለም።

ቤዛ ይህን ስነግራት ፊልሟን አቁማ "ከዚያስ? ሙሽሪትን ነከሳት?" አለችኝ።

እኔ እንጃ። በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ተተክታ ድራማው እስከ ክረምት ታየ አሉ። የአባቴን ያህል ያመነኝ ተመልካች ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ እሱው ግን ድራማዬን ቀማኝ። ንዴቴ አላስጠይቅ ብሎኝ ማንንም ሳልጠይቅ ቀረሁ። እኔው የፈጠርኩት ሰው ምን እንዳደረጋት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።