በስብሰባው መሐል የሰማሁት ማቃሰት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ለማንም አልተረክሁትም፤ ሰው ሰምቶ እንዳያመሰግነኝ እፈራለሁ።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ደብረ ብርሃን ለዓመታት ሕፃናት ሳክም ቆይቼ "ለአንድ ዓመት ብቻ" ተብዬ የዞን ጤና ኃላፊ ሆንኩ። ይኸው አራተኛ ዓመቴ። ወደ ሕክምናዬ መልሱኝ ብዬ ባመለከትኩ ቁጥር አለቆቼ "ካንቺ ሌላ ማን አለን?" ይሉኛል። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ሹመት ያዳብር" ሲለኝ፣ በልቤ "አያዳብር!" እላለሁ።

የዚያን ዕለት ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ለጉብኝት ሄድን። ሠራተኛው ነጭ ጋውን ለብሶ በር ላይ ተሰልፎ ጠበቀን። ከዚያ አንድ ሳይቀር አዳራሽ ገባ፤ ከበላይ እንግዳ ሲመጣ ወጉ እንዲያ ነው። እኔን መሐል አስቀመጡኝ። ግራ ቀኜ ሰው፣ ፊቴ ጠረጴዛ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ከመስኮቱ ውጭ ማቃሰት ሰማሁ። አጭር፣ በየትንፋሹ የሚደጋገም። ሳንባው የታመመ ሕፃን እንዲያ ነው የሚያቃስተው፤ ሲደክመው ደግሞ ዝም ይላል። ልነሳ ፈለግሁ። "ንቃን ወጣች" እንዳይሉኝ ፈርቼ አንድ ገጽ ሙሉ ተቀመጥኩ።

ማቃሰቱ ቆመ። ያን ጊዜ ወንበሬን ገፍትሬ ሮጥኩ።

እናትየው ደጅ ተቀምጣለች። የታቀፈችው ሕፃን ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለሽው?"

"ከጠዋት ጀምሮ። ዘበኛው፣ ትልቅ ሰው ስለሚመጣ ጠብቂ አለኝ።"

ተከትላኝ የወጣችውን ነርስ ኦክስጅን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ክፍሉ ለእንግዳ አምሮ እንዲታይ ብለው መሣሪያውን ዕቃ ቤት ቆልፈውበት ኖሯል! ቁልፉ እስኪመጣ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ ትንፋሽ ሰጠሁት። መድኃኒት በመርፌ ሰጥተን በእኛው መኪና ደብረ ብርሃን አደረስነው። ዳነ።

ከሆስፒታል ሲወጡ እናትየው ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

"እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ልጄን ቀብሬው ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ።"

እኔ ባልመጣ ኖሮ ነርሷ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ ልጁም ገና በጠዋቱ ይታከም ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "አሜን" ብዬ ዘጋሁት። በዚያ አሜን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።