አንድና አራት እሳቱ ዳር

ልጅ ሳለሁ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ መሸት ሲል ጎረቤታችን አያ ሙሄ በምርኩዛቸው ደጃፉን መታ መታ አድርገው ይገቡና እሳቱ ዳር ተረት ያወጉን ነበር። ያኔ ደርግ ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ለውትድርና ወስዶት ቤቱ ጭር ብሏል። እሳት ስንሞቅ የእኔ ቦታ በእናቴና በሰይድ መካከል ስለነበር፣ የሱን ቦታ ማንም እንዳይቀመጥበት እጣላ ነበር።

አንድ ምሽት የተረቱልን ስለ ቁጥር ነው። አመዱን በመዳፋቸው ደልድለው 142857 ብለው ጻፉ።

«እነዚህ ስድስቱ እንደናንተ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። ብታባዢያቸው መቀመጫ ይለዋወጣሉ እንጂ አንድም አይጎድል፣ ባዳም አይገባባቸው።»

በሁለት ሲያባዙት 285714 ሆነ። እኔ መሠረተ ትምህርት ገና መጀመሬ ነው፤ ቁጥሩን ግን እለያለሁ። ቀጫጫ ስለነበርኩ አንድን ራሴን አደረግኋት። አጠገቧ ያለው አራት ሰይድ ነው። አለመለያየታቸውን ሳይ ደስ አለኝ። በሦስት ሲያባዙት ግን 428571 ወጣ፤ አራት ከፊት ሄደ፣ አንድ ከኋላ ቀረች።

«አያ ሙሄ፣ ወሰዱትኮ» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ።

በኩራዙ ብርሃን ፊቴን አዩት፤ ከዚያ ባዶውን ቦታ አዩ።

«አንቺ ጅል፣ መሠረተ ትምህርት ላይ በመስመር ጻፉ ስላሏችሁ ነው። ሰው እሳት ሲሞቅ ተሰልፎ ነው እንዴ? ዙሪያውን ጻፊው።»

ከአራት ጀምሬ ምድጃውን እየዞርኩ ጻፍኩት። የመጨረሻዋ አንድ መጥታ ከአራት ጎን አረፈች። በሌላው ጎኗ ሰባት አለ፤ እሱን እናቴ አልኩት።

«በሰባት ቢባዙስ?» አልኳቸው፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«ሰባተኛው እንግዳ ነው። ያኔ 999999 ይወጣል፤ ስድስቱም ዘጠኝ ዘጠኝ ለብሰው ይቀበሉታል» ብለው ሳቁ።

አሁን እናቴ የለችም፤ ከሰይድም እስከ ዛሬ ወሬ አልመጣም። ማባዛቱ ጠፍቶብኛል፣ ዙሩ ግን ቀርቶልኛል። ልጄ ወንድ ነው፤ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ማታ እሳት ስንሞቅ በግራዬ ሊቀመጥ ሲል «እሱ የአጎትህ ነው» እለዋለሁ። ዞሮ በቀኜ፣ በእናቴ ቦታ፣ ጥግት ይልልኛል።