ወይዘሮ ድርቤ የሰጡት ቤት

ወይዘሮ ድርቤ ጃራ ከሃያ ዓመት በላይ የነቀምት ስልክ ቤት ስልከኛ ነበሩ። በ1959 ጡረታ ሲወጡ የቤታቸው ዝምታ አስጨነቃቸው። ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጉቶ ጊዳ ወርደው የቡና ማሳቸውን ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ትናንት ያጠበቁትን አጥር መልሰው ያጠብቃሉ። ተቀምጠው ያያቸው የለም።

አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህታቸው በቀለች ናት። እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አብጦ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ከጓዳ አትወጣም። ዘመድም ስሟን አያነሳም፤ "በዘራቸው አለ" ከተባለ የሚያገባቸው አይገኝማ።

በዚያው ዓመት ዶክተር ወልደሩፋኤል የሚባል የከተማው ሆስፒታል ሐኪም የዚህን እብጠት መንስኤ ሊመረምር ተነሳ፤ የሚሠራበት ክፍል ግን አጣ። ወይዘሮ ድርቤ ይህን ሲሰሙ እግራቸው አላርፍ አለ። በሦስተኛው ቀን ሄደው ጨለለቂ ሰፈር ያለውን የሚያከራዩትን ቤት ለምርምሩ ሊሰጡ ተስማሙ። ሆስፒታሉ በምትኩ እስኪሞቱ ድረስ በየወሩ መጦሪያ ይከፍላቸዋል፤ እሳቸው ከቀደሙ ደግሞ ለበቀለች ይቀጥላል። ውሉን ፈረሙ።

አስተማሪ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ነመራ ወሬው ደርሶት መጣ። የአባቱ እህት ናቸውና "አዳዳ" ነው የሚላቸው። ቤት ለዘመድ እንጂ ለባዳ አይሰጥም ብሎ ተሟገታቸው፤ እኛው እንጦራችሁ የለም ወይ አለ።

"ስሟን ለማንሳት የምታፍር አንተ ነህ በቀለችን የምትጦራት?" አሉት።

ነመራ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

እሱ ሲሄድ ግን ልባቸው ይዋልል ጀመር። ተታልዬስ ቢሆን? ምክንያቱ ሳይታወቅ ብሞትስ? በየሐሙሱ እየሄዱ ምን እንደተገኘ ይጠይቃሉ። ዶክተሩ ደም ወስደናል፣ አፈር ወስደናል፣ ገና ዓመታት ይፈጃል ይላቸዋል። ወንበር ቢሰጣቸውም ቆመው ነው የሚሰሙት።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ መንስኤውን ገና እንዳልደረሱበት ነግሯቸው ሲያበቃ፣ "በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ አብሮ በመብላት አይተላለፍም" አላቸው።

ወይዘሮ ድርቤ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእህታቸውን ምግብ ለብቻው በሌላ ሳህን ሲያቀርቡ ኖረዋል። የዚያን ቀን ምሳውን በአንድ ትሪ አቅርበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። በቀለች እጇን ሰበሰበች።

"ምን ሆነሻል፣ ድርቤ?"

"ኛዱ፣ ብዪ" አሏት፤ ከዚያው ትሪ ቆርሰው ራሳቸው ጎረሱ።

በሳምንቱ በቀለች ራሷ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አለች። እግሯን በየቀኑ በሳሙና እንድትታጠብና ሰፊ ጫማ እንድታደርግ ታዘዘላት። እብጠቱ ጎደለ እንጂ አልጠፋም።

ወይዘሮ ድርቤ አሁንም አላረፉም። ኦሮምኛ ከማያውቁት ሐኪሞች ጋር ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ ጓዳ የተደበቁትን በሽተኞች እያግባቡ ያወጡ ጀመር። "የእኔም እህት አለባት" ይላሉ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው።

በ1965 ሲሞቱ ምርምሩ አላለቀም ነበር። መጦሪያው ለበቀለች ቀጠለ። እሳቸው ግን በሞቱበት ሳምንት እንኳ በሽተኞች ፍለጋ ጊምቢ ሊሄዱ ስንቃቸውን ቋጥረው ነበር።