የሲስተር እቴነሽ ሁለተኛ ዙር

ኮፒ ማሽን ሲግል የራሱ ሽታ አለው፤ የተቃጠለ አቧራና አዲስ ወረቀት የተቀላቀለበት። ሮቤ ጭጋግና ጭቃ በሚይዛት በሰኔ ሰሞን ይህ ሽታ ከጠዋት ጀምሮ ልብሴ ላይ ይውላል። ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ወር ነው። የነርስ ተማሪዎች ፍላሻቸውን ይዘው እኔ ወደምሠራበት ኮፒ ቤት ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው የጻፉትን፣ አንዳንዶቹ ያለፈው ዓመት ተማሪ የጻፈውን። ባለፈው ሳምንት አንዱ፣ "እህት፣ ስሙንና ቀበሌውን ብቻ ቀይሪልኝ" አለኝ።

"ቁጥሮቹስ?"

"ቁጥሩ ምን አደረገሽ? ይቀመጥ በቃ" ብሎ ሳቀ። ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። እኔም ደክሞኝ ነበርና ቀየርኩለት። ማሽኑ ወረቀቱን አንድ በአንድ ሲተፋ ግን ሲስተር እቴነሽ ትዝ አለችኝ፤ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር።

እቴነሽ ከሆሳዕና መጥታ ጎባ ነርስነት ትማር ነበር። ጎባ የሚሆናት ክፍል ስላጣች ሮቤ እኛ ግቢ የኋላዋን ክፍል ተከራየች፤ በየማለዳው በሚኒባስ ትሄድና ሲመሽ ትመለሳለች። ትምህርቱን ከመጀመሯ በፊት ገጠር ጤና ኬላ ሰባት ዓመት ሠርታለችና ከክፍሏ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። አጭር ናት፤ ሰማያዊ የዝናብ ልብሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። ሚኒባስ ላይ ቁጭ እንዳለች ትተኛለች። ሰፈርተኛው ገና ሳትመረቅ "ሲስተር" ይላታል፤ "ገና ነኝ እኮ" ስትል እናቴ፣ "ለኛ ሆነሻል" ትላታለች።

የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ወስፋት ነበር። እማ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ጀሪካን ላይ ትቀመጥና ጮክ ብላ ታስባለች። "አንድ ቤት፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ትሪ። አንዱን ልጅ ወስፋት ይይዘዋል፣ አብሮት የሚተኛውን አይነካውም። ለምን?"

"አላህ ነዋ" ትላለች እማ።

"እሺ፣ አላህ ነው። በምን አድርጎ?"

እማ በሳሙና አረፋ እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰው ጠይቋት አያውቅም።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። የሰፈራችንን አሥራ ሁለት ልጆች ሰገራ ትመረምራለች፤ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ታያለች። "መድኃኒቱ የገባውን ያስወጣል እንጂ ሌላ እንዳይገባ አያደርግም" ትል ነበር። "የሚከላከለው አካላችን ራሱ ነው። የአንዳንዱ ይችላል፣ የአንዳንዱ አይችልም። እኔ የምፈልገው የሚችለውን ነው።" ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ሰብስባ ውስጣቸውን በላስቲክ ሸፈነች፤ ላያቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር ጻፈች። ሲሞሉ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ደርድራ ጎባ ወደምትመረምርበት ክፍል ይዛቸው ትሄዳለች። አንድ ቀን የሚኒባሱ ረዳት ምሳ ዕቃውን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ፣ "ሲስተር፣ ዛሬ ምንድን ነው? አታካፍይንም?" አላት። "ብትከፍተው ሁለተኛ ምሳ አትበላም" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ብቻዋን የምትቀመጥበት ወንበር ይለቅላት ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ሰባት ልጆች ላይ ወስፋት ተገኘ፤ እኔ ግን ከሰባቱ አይደለሁም። ንጹሕ ከተባሉት አምስት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ጎረቤቴ መኪያ ከሰባቱ ነበረችና ምንም አላፈረችም፤ "ወስፋት እንኳን የጠላሽ!" ብላ በልጆች ፊት ሰደበችኝ። እኔ ግን ኮራሁ። አባቴ ከብት ሊሸጥ ጊኒር ሲሄድ አክስቴ ጥቁር አዝሙድ ትልክልኝ ነበር፤ እማ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ከማር ጋር ታውጠኛለች። ሳላኝክ ነበር የምውጠው፤ ይመረኛል።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ሲል የመኪያ እናት አዴ ዘሃራ የሰፈሩን እናቶች ሰብስባ እኛ ቤት መጣች። ቁመተ ረጅም፣ ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት። "ይቺ ልጅ ሰባት ዓመት ገጠር ተንከራታለች" አለች። "አሁን ደግሞ የሰጠችው መድኃኒት ካልሠራና ትሉ ከተመለሰ መምህሮቿ ይጥሏታል። የሰው ልጅ በኛ ልጆች ሆድ ምክንያት ይውደቅ?" ማንም አልተከራከራትም። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። በማግስቱ ማለዳ የሰባቱ ልጆች የክብሪት ቀፎዎች በየአጥሩ ቀዳዳ እኛ ቤት ገቡ፤ ከእኔ ጋር ስምንት። ሌሎቹ አራት የራሳቸውን ሰጡ። እማ ስምንቱንም ከእኔው ሰገራ ሞልታ ስትጨርስ እጇን ታጥባ፣ "ቢስሚላህ፣ በይ አድርሺላቸው" አለችኝ።

እቴነሽ ከጎባ የተመለሰችው እየሮጠች ነበር። አንድም ልጅ ላይ ወስፋት የለም! በዚያ ላይ ስምንቱ ላይ ብቻ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ አይታለች፤ ታመው በዳኑት ሰባቱና በእኔ ላይ። አማካሪዋ ሰምተው ተደንቀዋል። ዓይኗ በርቶ እናቶቹን በየቤቱ ጠየቀች። ለልጆቹ ጥቁር አዝሙድ መስጠት ጀመሩ እንዴ? "አዎ፣ አዎ፣ ወላሂ በየጠዋቱ!" አሏት። ግኝት አገኘሁ ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፈች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ማንኪያው ስንት እንደሚይዝ ልትለካ ተነሳች። "አይቼው ነው የምጽፈው፤ ጣሳውን አሳዩኝ" ትላለች። የትኛው ቤት ጥቁር አዝሙድ አለ? የኛ ጣሳ ብቻ ነበር፤ አሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጎኑ የጎደጎደ። አዴ ዘሃራ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እቴነሽ በፊት በር ስትወጣ እኔ ጣሳውን ታቅፌ በጓሮ አጥር ወደሚቀጥለው ቤት እሾልካለሁ። ሦስተኛው ቤት ስትደርስ ጣሳውን ተቀብላ አዞረችው። አውራ ጣቷን በሁለቱም ቤት ባየችው ጉድጓድ ላይ አሳረፈች፤ ልክክ አለ። መለሰችላቸው።

ወዲያው፣ ገና በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢያችን ደረጃ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። "ሙኒራ፣ ስንት ክብሪት ሞላሽ?"

"ስምንት" አልኩ እያለቀስኩ።

አዴ ዘሃራና እማ መጡ። እቴነሽ አልጮኸችም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ብቻ እንደጠፋ አስታውሳለሁ።

"ትሉ ቢመለስ አይጥሉሽም?" አለች አዴ ዘሃራ።

"አዴ፣ ትሉ ቢመለስ አልወድቅም ነበር። መመለስ አለመመለሱን ማወቅ ነው ሥራዬ።"

"ታዲያ አሁንስ?"

"አሁን እወድቃለሁ።"

አዴ ዘሃራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "ማን ያውቃል? እኛ አንናገርም። ወረቀቱን ስጪያቸውና ተመረቂ። እናትሽም ከሆሳዕና ይምጡ።"

እቴነሽ ብዙ አሰበች። ጽሑፏ አልቋል፤ ፈታኞቿ ፊት የምትቀርበው በአራተኛው ቀን ነው። ሰባት ዓመት ገጠር፣ ሦስት ዓመት ሚኒባስ። እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ እሺ ብትል ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

"መኪያ ሆዷን እያመማት ነው?"

"ይነፋታል" አለች አዴ ዘሃራ። "ምግብም አልወስድ ብሏታል። አንቺ ግን ንጹሕ ነች ስላልሽ..."

"የሙኒራን ነው ንጹሕ ያልኩት፣ አዴ። የመኪያን አላየሁም።"

አዴ ዘሃራ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ያን ያህል ረጅም ሴት እንዲህ ስታጥር አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ እቴነሽ የእያንዳንዱን ልጅ ቀፎ ከእጁ ተቀበለች። መኪያ ላይ ወስፋቱ ተመልሶ ነበር፤ ታከመች። ከዚያም እቴነሽ ፈታኞቿ ፊት ቀርባ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ጥናቱ ከመጀመሪያው እንዲደገም ተወሰነባት። ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ ግቢያችን በር ላይ ቆማ ስልክ ይዛ ነበር። "አትምጪ እማዬ፣ ለከርሞ ነው" አለች፤ ደጋግማም "ደህና ነኝ" አለች። ከዚያ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማዋን አጠበች፤ በጣም ረጅም ጊዜ አጠበችው።

ክረምቱን እንደገና ሠራች። እኔ ሦስት ወር ጥቁር አዝሙድ እንዳልውጥ እማን ለመነቻት። ከሰባቱ ልጆች አምስቱ ላይ ወስፋት ተመለሰ፤ እኔ ላይ አሁንም አልነበረም። "ጥቁር አዝሙዱም አይደለም ማለት ነው?" አልኳት። "በአንቺ ብቻ ይሁን አይሁን ማለት አልችልም" አለች። "ታዲያ ለምን አልያዘኝም?" "አላውቅም" አለችኝ። ለዚያች ቃል አንድ ዓመት ከፍላለች፤ ድምጿ ግን የተቆጨ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የደከመ ብቻ።

ተመርቃ ስትሄድ የጽሑፉን አንድ ቅጂ ለእማ ሰጠቻት። እማ ማንበብ አትችልም፤ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እንግሊዝኛዬ ሲጠና አንድ ከሰዓት አውጥቼ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። የጥናቱ ጉድለቶች የሚለው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "በመጀመሪያ የተሰበሰቡት የሁለተኛ ዙር ናሙናዎች ተሰርዘዋል። እናቶቹ ለተመራማሪዋ ተጨንቀው የአንዲት ጤነኛ ልጅ ናሙና ሰጥተዋል። ስህተቱ የተመራማሪዋ ነው፤ ምን እንደምትፈልግ በደንብ አላስረዳቻቸውም።"

እማ አስደገመችኝ። ደገምኩላት።

"ስህተቱ የማን ነው አለች?"

"የራሷ።"

እማ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ፊደሉን እንደምታነብ ሁሉ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች።

"እዚች ጋ ዋሽታለች" አለች።