ቢላ የማያሻው ስለት

ማንበብ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ራሴን አስተማርኩ። ሬዲዮ ፈትቶ መግጠሙንም ማንም አላሳየኝም። ዛሬ አዳማ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ የሃይማኖት ክርክር ከተነሣ እኔ ሳልጠራ አያልቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እማማ ዘሀራ ምን ያህል እንዳንገበገቡኝ እንድትረዱልኝ ነው።

ትናንት ከጎረቤት ግቢ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ሽታ ሲመጣ ትዝ አሉኝ። ከወሎ የመጡ ጨው ቸርቻሪ ነበሩ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ከእኛ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ። እንቅፋት ሲመታቸው ማርያምን ይጠራሉ። መስከረም ሲያልቅ ደግሞ እርጥብ ሣር ይዘው ከኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ጋር ለእሬቻ ሐይቅ ይወርዳሉ። አንዱን ያዙ ብል ማን ሊሰማኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አሰብ ወርዶ ቀረ። ሌሎቹ ሾፌሮች ተመልሰው እሱ ሲጠፋ እናቴ እህል መቅመስ ተወች። እማማ ዘሀራ መጡና መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ገብርኤል፣ ሼህ ሁሴን፣ ሰውየውን አምጡልንና አንድ ፍየል» አሉ።

ለሁለት አንድ ፍየል። አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ገብርኤል እኮ የክርስቲያን ነው። እርስዎ እስላም ነዎት።»

«ጅብሪልስ ማን ሆነና ነው፣ ሊቁ? አንተ በጋዜጣህ ገብርኤል በለው። እሱ አቤት ካለ ምን ቸገረህ?» ወደ እናቴም ዞረው፣ «አብሽሪ» አሏት።

መኪናው በረሃ ላይ ተሰብሮበት ኖሮ፣ አባቴ አንድ ቀን አቧራ ለብሶ ገባ። ፍየሉም ተገዝቶ ደጃችን ታሰረ። ማን ይረደው? ክርስቲያን ካረደው እነሱ አይበሉም፤ ሙስሊም ካረደው እኛ አንበላም። እናቴ በስመ አብ ይባልበት አለች። የእማማ ወንድም ቢስሚላህ ካልተባለ አለ። ስለቱ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳሁ፤ ፍየሉ ብቻ ጋዜጣዬን እያኘከ አዳመጠኝ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈግን። አባቴ፣ «ከበረሃ የተረፍኩት በፍየል ልትጣሉብኝ ነው?» ብሎ አዘነ።

አንድ ማለዳ ፍየሉ የለም። እማማ ዘሀራ ገበያ ወስደው በስንዴና በሽምብራ ለውጠውት ኖሯል። በትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅለው በሁለቱ በሮች መካከል አስቀመጡት። ጿሚውም በላ፣ ሰጋጁም በላ። እናቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቀድማ ዘገነች።

«ይህ ስለት አይደለም፤ ለማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም» አልኩ።

«ሽምብራን ማን አረደው አይባልም» አሉና እፍኝ ሙሉ አጎረሱኝ። በሞላ አፍ እንዴት ልከራከር?

እማማ ዘሀራ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያልሠራሁት የለም። የዓረብኛ ፊደል ለብቻዬ ለይቻለሁ። በአፋን ኦሮሞ መጻፍ ችያለሁ። ዲዳ የሆነውን የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ አናግሬያለሁ። ከቄሱም፣ ከሼሁም፣ ከፓስተሩም ጋር ተከራክሬ አልተረታሁም። ሾፌሩ ልጄ ከጅቡቲ መንገድ ዘግይቶ በሰላም በገባ ጊዜም በገዛ እጄ ንፍሮ ቀቅዬ ለጎረቤት አድያለሁ። «ጋሼ፣ ስለቱ ለማን ነበር?» ያለኝን ጎረምሳ፣ «ሽምብራ ነው፤ ዝም ብለህ ብላ» ብዬዋለሁ።