ደረጀ ዳኛ የነበረባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ከተማ ስመለስ፣ በአውቶቡሱ ሬዲዮ አንድ ፖለቲከኛ ስለ ወጣቶች ይናገር ነበር። ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ዕጣ እየጣሉ፣ የምናብ ሰው ሆነው የሚጫወቱ ልጆችን ሥራ ፈቶች፣ ለክፉ መንፈስ በር የሚከፍቱ አላቸው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አማተቡ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህንኑ ንግግር በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ የተነገረው በእኛው ላይ ነበር።

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ላይ ተማሪዎች ነበርን፤ ብቸኛዋ ሴት እኔ፣ ደረጀና ሸዋንግዛው። ሸዋንግዛው አጎቱ ከአዲስ አበባ ያመጡለት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረው፤ የጨዋታ መመሪያ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ የፈለጉትን ሰው ይሆናሉ፤ ነገሩ ሲጠና ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ዳይሱን ከወይራ እንጨት ቀረጽን፤ በምናብ የፈጠርነውን አገር ካርታ በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ሳልን። ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እነሸዋንግዛው ቤት እንሰበሰባለን። የመንዝ ክረምት መቼም ይታወቃል፤ በር ካልዘጉበት ጭጋጉ እንደ እንግዳ ዘው ብሎ ይገባል። በርኖስ ደርበን፣ ትኩስ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንጫወታለን።

ደረጀ ይንተባተብ ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀው ቆሞ ያልበዋል። በጨዋታው ግን ዳኝነትን መረጠ። በርኖሱን አጣፍቶ "ተጠየቅ!" ብሎ ሲጀምር አንዲት ቃል አትሰናከልበትም። ምላሱን ምን እንደሚፈታለት አላውቅም፤ ብቻ ያን ድምፁን ለመስማት ቅዳሜን እናፍቅ ነበር።

አንድ ቀን ወላጆች ከእኛ ጋር ትምህርት ቤት ተጠሩ። የወረዳው ሹም ከሸዋንግዛው ቦርሳ የተወሰደውን ካርታ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ይህን እዩ! ዕጣ ይጥላሉ፤ ስማቸውን ይለውጣሉ። የእንዲህ ያሉ ልጆች መጨረሻ ይታወቃል። ዛሬ ጥንቆላ፣ ነገ ሽፍትነት!"

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ሰው ሁሉ እሳቸውም ያወግዙናል ብሎ ሲጠብቅ ቀስ ብለው ተነሡ።

"ጌታው፣ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ልጆቹን ጠይቀዋቸዋል?"

"ምኑ ይጠየቃል መሪጌታ? የታወቀ ነገር ነው።"

"እኛም ቅኔ ቤት ሳለን ያላየነውን ንጉሥ ፊታችን አቁመን እናወድስ ነበር። መንፈስ ግን አልጠራንም።"

ሹሙ ፈገግ አለና ወደ ደረጀ ዞረ። "እሺ፣ አንተ ንገረና!"

ደረጀ ተነሣ። "ጨ... ጨ... ጨዋ..."

"አያችሁ? ይኸው መንፈሱ ምላሱን ያዘው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የደረጀ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ በጨዋታው ሰይፍ መዝዤ ከሁሉ የምቀድም የጦር አዝማች ነበርሁ፤ ያን ቀን ግን ከደረጀ ጎን ተቀምጬ ጫማዬን አየሁ። መጽሐፉንም ካርታውንም ግቢው ውስጥ አቃጠሏቸው። ደረጀ በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቀየት ገበያ ላይ በግ ሲሸጥ አገኘሁት። "ያን ቀን ልናገርልህ ይገባኝ ነበር" አልሁት።

የበጉን ገመድ ወደ ራሱ ሳበ። "አ... አባትሽ ተናግረዋል" አለኝ።

ቁጣን ጊዜ ያበርደዋል ይላሉ። የእኔ ግን አልበረደም። እንዲያውም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ በማይክሮፎን የሚፈርዱ ሰዎችን በሰማሁ ቁጥር ይብስብኛል። ያ ሹም ሹመት ጨምሮ ከዘመሮ ሄደ፤ ያሳቀውን ሳቅ ዛሬ አያስታውሰውም ይሆናል። ደረጀ ግን አሁንም ገበያተኛ ዋጋ ሲጠይቀው በጣቱ ነው የሚያሳየው።