ዋርኒዳ ያበረረቻት ዳክዬ

በፓያኩምቡህ ከተማ አካባቢ ቤቱም የሴት ነው፣ እርሻውም የሴት ነው። ይህን የሰማ የሩቅ ሰው «ታድለው!» ይላል። ምኑን ታደሉት? ምሰሶም ቤቱን ተሸክሞ ይኖራል፤ ተነስቶ ሲሄድ ያየ ግን የለም።

ዋርኒዳ ለእናቷ አንዲት ሴት ልጅ ናት። ወንድሞቿ ገና ጢም ሳያወጡ የእናታቸውን ምርቃት ተቀብለው አገር ለቀቁ፤ እዚያ አገር ወንድ ካልተሰደደ ሰው አይባልም። ባሏ ጁፍሪም ፔካንባሩ ከተማ የስፌት ቤት ከፍቶ «ነይ» እያለ ይጣራል። እሷ ግን ሩዝ ታርማለች፣ እናቷን ትጦራለች፣ የአጎቷን ዳክዬዎች ለየዓመቱ የዳክዬ ውድድር በረራ ታስተምራለች። አጎቷ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ የጎሳው አለቃ ስለሆኑ ዳቱክ ይሏቸዋል። እሳቸው ካልፈቀዱ ከዚያ ቤት ንቅንቅ የለም። ዳክዬያቸው ያሸነፈች ዕለት ግን እጃቸው ይፈታል። ዋርኒዳም «ዘንድሮ ካሸነፍን እዚያው ሜዳ ላይ እጠይቃቸዋለሁ» ብላ ቆረጠች።

የውድድሩ ቀን አንዱ ወንድሟ ከጃካርታ ሚስቱን ሌስታሪን ይዞ መጥቶ ነበር። ሌስታሪ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

«እትዬ ዋርኒዳ፣ የቱን ልይ? ሁሉም ዳክዬ ነው!»

«ዳክዬ ወርዋሪዎቹን አትይ። መጨረሻ ላይ ባንዲራው ጋ ቁሚና ሰማይ ሰማዩን ጠብቂ። ሳታርፍ ቀድማ ባንዲራውን ያለፈች አሸነፈች። መንገድ ላይ ካረፈች አለቀላት። ወደ ሩዙ ማሳ ከታጠፈች ደግሞ ራት ናት።»

«የማን ራት?»

«የባለቤቷ ነዋ! አፍሮ ይበላታል።»

ወርዋሪዎቹ በሁለት ማሳ መካከል በሚያልፈው መንገድ ጫፍ ተሰለፉ። ከዋርኒዳ ጎን የቆመው ጎረምሳ «ዋርኒዳ፣ ያቺ ዶሮ ናት እንዴ?» አላት።

«አንተ ቃሪያህን ፍጭ። ያንተዋ ድስት ናፍቋታል።»

ምልክቱ ተሰጠ። ዋርኒዳ ዳክዬዋን ከደረቷ አንስታ ወደ ላይ ወደ ፊት ወረወረቻት። የጎረምሳው ዳክዬ ሁለት ጊዜ ተርገፍግፋ ቦይ ውስጥ ዘጭ አለች። የዋርኒዳዋ ግን አንገቷን አስግጋ፣ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። ከሩቅ ጩኸት ተሰማ፤ ከጩኸቱ በላይ የሌስታሪ፦ «አለፈች! አለፈች!»

ዋርኒዳ ሮጣ ስትደርስ ዳቱክ አሸናፊዋን ዳክዬ ታቅፈው እንባ አቅርረዋል።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነበር።»

«ሳትለምኚ ተሰጥቶሻል!» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰዎች ስሙኝ! ከወንዙ ማዶ ያለውን የጎሳችንን ማሳ ከዛሬ ጀምሮ ይህች ልጅ ታርሰዋለች! እንዲህ ያለች ሴት እያለች ቤታችን አይዘጋም!»

እልል ተባለ። ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አይ ደግነት! በስድብ ቢያስሯት መሳደብ ትችል ነበር፤ በስጦታ ሲያስሯት በምን አፏ?

ተናገረች እንጂ። «አጎቴ፣ እኔ ማሳ አይደለም የፈለግሁት። ባሌ ዘንድ መሄድ ነው።»

እልልታው ቆመ። ወንድሟ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። እናቱን ሊጦር አንድ ክረምት እቆያለሁ ለማለት ምላስ አጣ! ዳቱክም አልተቆጡም።

«ሂጂ፤ ማን ያዘሽ?» አሉ ለስለስ ብለው። «እናትሽን ብቻ ንገሪያት።»

እናቷ መንገዱ ዳር ምጣድ ጥደው ሙዝ እየጠበሱ ይሸጡ ነበር። ዋርኒዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማዬ...»

«ሰምቻለሁ» አሉ እናቷ ቀና ሳይሉ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል። መጀመሪያ ይቺን ሙዝ አገላብጪልኝ፤ ዓይኔ ጭሱን አልቻለም።»

ጭልፋውን ተቀብላ አገላበጠች። ያ ሲወጣ ሌላ ሙዝ ገባ።